የተደበደበው ኪያር

እናቴ ምግብ እምቢ ያለችው ወንድሜ ከሞተ በኋላ ነው። የእሱን ነገር ባጭሩ ልናገርና ልለፈው። ታናሽ ወንድሜ የሰሜን ተራሮችን ለሚወጡ ቱሪስቶች ምግብ አብሳይ ነበር። ቱሪስት ሲጠፋ ጊዜ ከቆላው ከዛሪማ አትክልት እያመጣ ደባርቅ ላይ ማከፋፈል ጀመረ። ጥር አጋማሽ ላይ የተሳፈረበት የጭነት መኪና የሊማሊሞን ኩርባ ሲወጣ ተገለበጠ። ሹፌሩ ተረፈ፣ ወንድሜ አልተረፈም። በሹፌሩ አልተናደድሽም ወይ ብለው የጠየቁኝ ሰዎች ነበሩ። አልተናደድኩም። መናደድም እኮ አቅም ይጠይቃል።

አላለቀስኩምም። በቀብሩ ቀን ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እኔ የማስበው ስለ ድንኳኑ ገመድ ነበር። በአንድ በኩል ላልቶ ንፋሱ ሸራውን ያንሳፍፈዋል፣ ማንም አያጠብቀውም። ሄጄ አጠበቅኩት። ይህን ያዩ ዘመዶቻችን ወሬውን ዳባት ድረስ ይዘውት ሄዱ፤ «ያች አስተማሪዋ ልቧ ደረቅ ነው» ተባለ። አልተሳሳቱም። ሰው ክንዱን ተንተርሶ ተኝቶ ሲነቃ እጁ ደንዝዞ የሌላ ሰው እጅ እንደሚመስለው፣ እኔም ለራሴ እንደዚያ ሆኜ ነበር። ልብሶቹን አጥፌ አስቀመጥኩ፣ ጫማውን ጠርጌ አልጋ ሥር ከተትኩ። ምንም አልተሰማኝም።

አርባው ጾም ውስጥ ወደቀ። በንፍሮና በጾም ወጥ አወጣነው፣ ሰው በልቶ ተሸኘ፣ ድንኳኑ ተነሳ። ቤቱ ውስጥ እናቴና እኔ ቀረን።

የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ያን ጊዜ ፈረቃዬ የጠዋት ስለነበር ቀትር ላይ ጨርሼ ወደ ቤት እገባለሁ። እናቴ ሁዳዴን የምትጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እኔም አብሬያት እስከ ዘጠኝ መጾም ጀመርኩ። ድሮ እስከ ስድስት እንኳ የማልችል ሰው ነበርኩ። ወንድሜ «አንቺ የምትጾሚው ስትተኚ ብቻ ነው» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ያን ዓመት ግን ጾሙ በጣም ተስማማኝ። የሚጾምን ሰው ለምን አትበላም ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ከስምንት ሰዓት ጀምሬ ሽሮ እሠራለሁ። ሽንኩርቱን እከትፋለሁ፣ ዘይቱን አደርጋለሁ፣ ሽሮውን በጥብጬ እጨምራለሁ። እጄ ሥራውን ስለሚያውቀው እኔ እዚያ መገኘት አያስፈልገኝም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በትሪ አድርጌ እናቴ ፊት አስቀምጣለሁ። እሷ ታማትባለች፤ ከዚያ ቀና ብላ ታየኛለች።

«ያንቺስ?» ትላለች።

«ወጥ ቤት ቀማምሻለሁ» እላለሁ።

ብዬም እወጣለሁ። ዕቃ የማጥበው፣ ግቢ የምጠርገው፣ የተማሪ ፈተና የማርመው ያኔ ነው። ስመለስ ከትሪው ላይ ሁለት ጉርሻ ያህል ብቻ ተነስቶለት አገኘዋለሁ። «በቃኝ» ትላለች፣ እኔም አነሳዋለሁ። የተረፈውን ለጎረቤት ዶሮዎች እበትናለሁ። በዚያ ጾም ጠግበው የከረሙት እነሱ ብቻ ናቸው።

ሽሮው ሰልችቷት ይሆናል ብዬ ሌላም ሞክሬያለሁ። ምስር ሠራሁ፣ ድንች ቀቀልኩ፣ ሩዝ በካሮት አደረግኩ። ሙዝ ገዛሁ። ሁሉም ዕጣቸው አንድ ሆነ፤ «ያንቺስ?»፣ ሁለት ጉርሻ፣ «በቃኝ»። ሙዙ እዚያው ጠቆረ።

እናቴ ድሮም ወፍራም አልነበረችም። መጋቢት ሲጋመስ ግን ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ መቀመጥ አቃተው። ከመደቡ ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወች፤ እሷ ከቤተ ክርስቲያን ስትቀር ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚደነግጠው። ከእናቴ ጋር አንድ ጽዋ የሚጠጡ ጎረቤታችን አሮጊት አንድ ቀን አጥር ሥር ያዙኝ።

«ስሚ አንች ልጅ» አሉኝ፣ እንደ ልማዳቸው ረጋ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል አላምጠው። «እናትሽ እያለቀች ነው። ወንድምሽን ተከትላ ልትሄድ ነው። ታይዋለሽ ወይስ አታይውም?»

«አየዋለሁ።»

«አየሽና ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምግብ አቀርባለሁ።»

«ማቅረብማ ለድመትም ይቀርባል» አሉና ነጠላቸውን መለስ አድርገው ሄዱ።

ቅር አለኝ ልበል? ቅር ለማለት እንኳ አልደረስኩም። ቆሜ ጀርባቸውን አየሁና ወደ ቤት ገባሁ።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የመረመራት ወጣት ደሟን አየ፣ ልቧን አዳመጠ፣ እግሯን ጫን ጫን አድርጎ ተመለከተ። «በሽታ የለባቸውም። መብላት ብቻ ነው ያለባቸው» አለኝ። ከዚያ እናቴ ነጠላዋን እስክትለብስ ወደ በሩ ጠጋ አደረገኝና፣ በዚህ ከቀጠሉ ክረምቱን አያዩትም አለ። አመሰገንኩት።

የንስሐ አባቷም መጡ። «ልጄ፣ ከጾሙ ፈትቼሻለሁ። ወተትም ጠጪ፣ እንቁላልም ብዪ» አሏት። እናቴ መስቀላቸውን ተሳልማ «አባቴ፣ ጾሙስ ምን አደረገኝ? ጾሙ አይደለም» አለች። ታዲያ ምን እንደሆነ አልተናገረችም፤ እሳቸውም አልጠየቁ፣ እኔም አልጠየቅኩ። ሁላችንም የምናውቀው መስሎን ነበር።

እናቴ ካልበላች ትሞታለች። ይህን በደንብ ተረድቼዋለሁ፤ ለልጆቹ ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው መደመር ግልጽ ነበር። ግን አልደነገጥኩም። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ «እናቴ ልትሞት ነው» ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ፣ ራሴ ደግሞ «እሺ» ይለኛል። ያስፈራኝ ይህ «እሺ» ነው። ሌላው ነገር ሁሉ ቢጠፋ ለእናቱ የማይደነግጥ ሰው አለ እንዴ እያልኩ አስብ ነበር፤ አስብና ደግሞ የልጆቹን ፈተና ማረም እጀምራለሁ።

ኪያሩን ያየሁት አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ መናኸሪያው አጠገብ ነው። የመጋቢት ፀሐይ ደባርቅ ላይ ክፉ ናት፤ ፀሐይ ላይ ያቆሙት ሰው ይቃጠላል፣ ጥላ ውስጥ ያስገቡት ሰው ይበርደዋል። ከዛሪማ የወጡ ሴቶች ማዳበሪያ ዘርግተው ቲማቲም፣ ሎሚና ቃሪያ ይሸጣሉ፤ ከቃሪያው ጎን ትንሽ የኪያር ክምር ነበር።

እዚህ አገር ኪያር እንደ ምግብ አይቆጠርም። ሆቴሎች ሰላጣ ዳር ለጌጥ ይደረድሩታል፤ ሙሽራ ለፊቷ ጥራት ትለጥፈዋለች። ከዚያ ያለፈ ቁም ነገር የለውም። የእኛ ሰው የሚያውቀው እህል ነው፤ ጤፍ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ሆድ ገብቶ የሚቀመጥ ነገር። እኔም ላልፈው ነበር፣ እግሬ ቆመ። ወንድሜ በበጋ የሚሠራው ኪያር ትዝ አለኝ። እናቴ ጠግባ እንኳ እምቢ የማትለው እሱን ነበር።

የኪያሩ ነገር የመጣው ተራራው ላይ ካለው የቱሪስቶች ማደሪያ፣ ከሳንቃ በር ነው። ወንድሜ እንደነገረን፣ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣች አንዲት ቱሪስት ነበረች። ከጃፓን ትሁን ከኮሪያ ወይ ከቻይና አልጠየቃትም፤ እኛ ስንጠይቀው «ከሩዝ አገር» ብሎ አለፈው። ከፍታው ይዟት ምግብ አስጠልቷት ነበር። ፓስታ ሠራላት፣ መለሰችው። ሾርባ ሠራላት፣ እሱንም መለሰችው። ምግብ አብሳይ ደግሞ የሠራው ሲመለስበት ክብሩ ነው የሚነካው። በማግሥቱ ቀትር ላይ ሴትዮዋ ራሷ ወጥ ቤቱ ድረስ መጣች። ቅርጫቱን ፈተሸች፣ አንድ ኪያር አወጣች፣ ቢላዋውን ከእጁ ወሰደችና በጠፍጣፋው አዙራ ኪያሩን በኃይል መታችው። ደጅ ጥላ ይዞ የተቀመጠው የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ጠመንጃውን ጨብጦ ብድግ አለ።

ወንድሜ ይህን ሲያወራ ሁሉንም ሆኖ ነው፤ ሴትዮዋንም፣ ስካውቱንም፣ ኪያሩንም። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እናቴ ግን አልሳቀችም።

«ለመሆኑ ኪያሩ ምን አድርጓት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ስሙ የተደበደበው ሆኖ ቀረ።

ድብደባው ምክንያት አለው። በቢላዋ ተስተካክሎ የተቆረጠ ኪያር ልሙጥ ስለሆነ ምንም አይዝም፤ ተመትቶ የተሰነጣጠቀው ግን ማጣፈጫውን በየስንጥቁ ይጠጣል። ከተመታ በኋላ ጨው ይነሰነስበትና ውሃውን እስኪተፋ ይቆያል፣ ውሃው ይደፋል። ነጭ ሽንኩርት ይደቆሳል። አቼቶ፣ ትንሽ ስኳር፣ የተቆላ ሰሊጥ፣ ለሚወድ ሰው ደግሞ ደረቅ በርበሬ ቆረስ ቆረስ ተደርጎ ይገባል። በመጨረሻ ሶያ ሶስ የሚሉት ጥቁር ፈሳሽ ይጨመርበታል። እሳት አይነካውም። የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ሳይሰጣ በሚደርቅበት በዚያ የበጋ ፀሐይ፣ ከዚህ የቀለለ ምግብ አላውቅም።

ጥቁሩን ፈሳሽ ወንድሜ ያገኘው ከጉዞ ትርፍ ነው። ጉዞ ሲያልቅ ቱሪስቶቹ የተረፈውን ለአብሳዩና ለበቅሎ ነጂዎቹ ይተዋሉ። በቅሎ ነጂዎቹ ፓስታውንና ስኳሩን ይሻማሉ፤ ወንድሜ ማንም የማይፈልገውን ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። እናቴ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ አገላብጣ አየችው።

«ይህ የጾም ነው?» አለች።

ያኔም ሁዳዴ ነበር። ወንድሜ ጠርሙሱን ይዞ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደ። እሳቸውም አሽተውት ፊታቸውን አዞሩ።

«ከምንድን ነው የሚሠራ?»

«ከአኩሪ አተር ነው አባቴ።»

«አተር ከሆነማ ምን አስጨነቃት? ትብላ» አሉ።

በላች። ስታላምጥ ድምፁ ቤቱን ሞላው። «እህል አይሉት፣ ውሃ አይሉት» አለች፤ ሳህኑን ግን አልመለሰችም። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ከተራራ በወረደ ቁጥር፣ የጉዞ ልብሱን እንኳ ሳይለውጥ፣ አንድ ሳህን ከበው ይቀመጣሉ። እሱ ጣቱን እየነከረ ሲቀምስ ዘጠኝ ሰዓት መች ደረሰ ብላ ትቆጣዋለች፤ እሱ «መንገደኛ ነኝ» ይላታል፤ እሷ «ከወጥ ቤት እስከ ሳሎን ነው መንገድህ» ትለዋለች። እኔ ሌላ ክፍል ሆኜ ሁለቱ ኪያር ሲያደቅቁ እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ አልቀርብም ነበር፤ የማርመው ነገር አይጠፋም።

ሻጯ ሴት ኪያሩን ስመርጥ አየችኝ። ወፍራም ወፍራሙን ትቼ ቀጫጭኑን ሳነሳ «ሙያ አለሽ» አለችኝ።

«የወንድሜ ነው ሙያው» አልኩ።

«ዛሬ የወጣ ነው፤ ሊማሊሞን ጎህ ሳይቀድ ነው የጀመርነው» አለች።

ኪያሩን እጄ ላይ ይዤ ቆምኩ። ቀዝቃዛ ነበር፣ አቧራ ለብሷል። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ኩርባ አልፎ ነው እዚህ የደረሰው። ይህን ሳስብ አንድ ነገር ይሰማኝ እንደሆነ ብዬ ትንሽ ጠበቅኩ። አልተሰማኝም። ከፈልኩና ሄድኩ።

ጎረቤታችን አጥራቸው ላይ ሆነው ፌስታሌን አዩት።

«ምን ይዘሻል?»

«ኪያር ነው እትዬ።»

«ለእናትሽ? ለታመመ ሰው አጥሚት ይሠሩለታል እንጂ ኪያር! አህያም አይበላው» አሉ።

አጥሚቱንማ እሳቸው ራሳቸው አምጥተውት እናቴ ሳትነካው ቀዝቅዞ ይዘውት ተመልሰዋል።

ወጥ ቤት ገብቼ ኪያሩን አጠብኩ። ጫፍና ጫፉን ቆርጬ የተቆረጠውን አፍ በቁራጩ አሸሁት፤ መራራው በአረፋ ይወጣል ይል ነበር ወንድሜ። ቢላዋውን አጋድሜ መታሁት። ምንም አልሆነም። የእኛ ቢላዋ ስስ ነው፤ ድንች መላጫ እንጂ መደብደቢያ አይደለም። ስለዚህ ዘነዘናውን አነሳሁ፤ እናቴ ከዳባት ስትመጣ ከሙቀጫው ጋር ያመጣችው ከባድ ዘነዘና ነው። በሱ መታሁት። ኪያሩ ፈንድቶ ግማሹ ግድግዳው ላይ፣ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ተለጠፈ። ሁለተኛውን ቀለል አድርጌ መታሁ፤ እሱ እንደሚፈለገው ተሰነጠቀ። የሚቀጥለውን ግን ከሚያስፈልገው በላይ መታሁት፣ ደገምኩት፣ ከዚያም ደጋገምኩት። ጥርሴን ነክሼ እንደነበር ያወቅኩት መንጋጋዬን ሲያመኝ ነው።

«ምንድን ነው የምትወቅጪው?» አለች እናቴ ከውስጥ።

እጄ አየር ላይ ቆመ። አርባው ካለፈ ወዲህ ከ«ያንቺስ?» ሌላ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር።

«ቆይ ታይዋለሽ እማ» አልኩ።

አስቸጋሪው ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። ወንድሜ ምን ያህል ጨው፣ ምን ያህል አቼቶ እንደሚያደርግ ተናግሮ አያውቅም። እየቀመሰ ይጨምራል፣ ጨምሮ ይቀምሳል፣ ሥራው ሁሉ እንዲያ ነው። እኔ ደግሞ ልቀምስ አልችልም፣ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። በጾም ሰዓት ወጥ የምትሠራ ሴት አትቀምስም፣ ታሸታለች። ክዳኑን ከፈት አድርጋ እንፋሎቱን ትስባለች፤ ጨው ያነሰው ወጥ ሽታው ጥሬ ጥሬ ይላል፣ የበቃው ይሞላል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው እንዲያ ነው፤ ለተዝካር የሚጣድ የጎላ ወጥ እንኳ በአፍንጫዋ ብቻ ለክታ አንድም ቀን አልተሳሳተችም። እኔ ግን በሙያው ድሮም የምመሰገን አልነበርኩም፤ ያን ዓመት ደግሞ አፍንጫዬም ሥራ አቁሞ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳህኑን አሸተትኩ። የመጣልኝ አቼቶ ብቻ ነው። እንፋሎት የሌለው ምግብስ ምኑ ይሸተታል?

ውሃውን ስደፋ ጨዉ አብሮ የሄደ መሰለኝ፤ እንደገና ነሰነስኩበት። ከዚያ ወንድሜ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠውን ጠርሙስ አወረድኩ። ሥሩ ላይ ትንሽ ቀርታ ነበር። ለማን ትቀመጣለች ብዬ አንጠፍጥፌ ጨረስኳት። ያ ጥቁር ፈሳሽ ራሱ ጨው መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰሊጡን ቆልቼ፣ በእጄ አሸት አሸት አድርጌ በተንኩበት። ማማሩን አምሮ ነበር።

የዘጠኝ ሰዓቱ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገልብጬ ትሪው ላይ አደረግኩት። እንጀራ አላቀረብኩም፤ ይህ ከእንጀራ ጋር አይበላም ይል ነበር። አንድ ሳህን ከአንድ ሹካ ጋር፣ ለሆቴል እንግዳ እንደሚቀርበው አድርጌ እናቴ ፊት አስቀመጥኩ።

እናቴ ሳህኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ሰሊጡን አየች፤ ሥሩ ላይ የተጠራቀመውን ጥቁር ፈሳሽ አየች።

«የተደበደበው ነው» አልኩ።

«አውቄዋለሁ። ስትመቺው ሰምቻለሁ» አለች።

አማተበች። ሹካውን አላነሳችም። እንደ ሁልጊዜው ቀና ብላ አየችኝ።

«ያንቺስ?»

«ወጥ ቤት ቀምሻለሁ።» ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ነበር።

«ቁጭ በይ።»

ድምፅዋ ጉልበት አልነበረውም። ግን በልጅነቴ የምታዘዘው ድምፅ ነበርና ቆምኩ።

«ደወሉ አሁን ነው የተሰማው» አለች። «ጾም ሳይፈታ ምኑን ቀመስሽው?»

የትሪውን ጠርዝ አስተካከልኩ።

«ትናንትም ቀመስኩ አልሽ። ከትናንት ወዲያም ቀመስኩ አልሽ። አርባው ከወጣ ወዲህ ጨው የሌለው ሽሮ ነው የምታቀርቢልኝ። ምስሩም እንደዚያው፣ ድንቹም እንደዚያው። አንድ ቀን እንኳ ጨው ገብቶበት አያውቅም። የቀመሰ ሰው ጨው ይረሳል?»

ሽንኩርቱን፣ ዘይቱን፣ ሽሮውን አስታወስኩ። እጄ በየቀኑ ሲያደርግ የከረመውን ሁሉ ተራ በተራ አስታወስኩ። የጨው ዕቃውን ሳነሳ ራሴን ማየት አቃተኝ። ዕቃው ከምድጃው ጎን ነበር፤ ከዚያ ሐሙስ በፊት መቼ እንደከፈትኩት አላውቅም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኩ።

«ብነግርሽ ጨው ትጨምሪ ነበራ! ትጨምሪና አሁንም አትበዪም። እኔ ጨው ቸግሮኝ ነው?» እጇን ዘርግታ የቀሚሴን እጅጌ ያዘች። ጨርቁ ክንዴ ላይ ሰፍቶ በጣቶቿ መካከል ታጠፈ። «ይህ ልብስ ልክሽ ነበር። እኔን ባጃጅ ላይ ጭነሽ ሐኪም ታሳያለሽ፣ ራስሽን አታዪም። አንዱን ቀብሬያለሁ። አንች ደግሞ ዓይኔ እያየ ስትደርቂ እኔ እህል ይወርድልኛል?»

የምጠብቃት እኔ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ትሪው ፊቷ ቀዝቅዞ እስኪቀር፣ አጠገቧ የምቀመጥበትን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች። አፈርኩ። ከጥር ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር እፍረት ነው።

ተቀመጥኩ። ሹካውን ወደ ጎን ገፋችው። ሰሊጥ በደንብ የያዘውን አንዱን ቁራጭ መርጣ በጣቶቿ አነሳችና አፌ አደረሰችው። አፌን ከፈትኩ።

ጨው ነው። መጀመሪያ ጨው፣ ከዚያም ደግሞ ጨው፣ ቀጥሎ የአቼቶው ኮምጣጣነትና ነጭ ሽንኩርቱ፣ ከሁሉም ሥር ኪያሩ ቀዝቅዞ። ምላሴን አቃጠለኝ። ሰው ሊበላው የሚችል ነገር አልነበረም። አለቀስኩ ብል ውሸት ይሆናል። ግን ራበኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያልመጣው ረሃብ ባንዴ ሆዴ ውስጥ ወረደ፣ መደቡን ይዤ መቀመጥ እስኪያቅተኝ ድረስ ራበኝ።

እናቴ አንድ ለራሷ አነሳች። አላመጠች፤ ያው ድምፅ ቤቱ ውስጥ ተሰማ። ፊቷን አላጨማደደችም። ውጣው ስትጨርስ ሌላ አነሳች።

«ጨው በዝቷል እማ፣ ተይው» አልኩ።

«በዝቷል» አለች። ያነሳችውን ወደ እኔ አፍ ዘረጋችው። «ብዪ። ነገ ትቀንሻለሽ።»